1013 እና 770፦ የአየር ግፊት በደጋ አገር



አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው አለ እንበል። ውሃው ዘጠኝ ሜትር ላይ ተገኘ። ሰውየው ደስ ብሎት ገበያ ወርዶ ፓምፕ ይገዛል፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይተክለውና ቱቦውን ወደ ውስጥ ይለቅቃል። ሞተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ይግላል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ፓምፑን መልሶ ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ያመጣል። እሱም ያጓራል፤ አሁንም ጠብ የሚል ነገር የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሻጩን ይረግማል። ነገሩ ግን የሻጭም የሞተርም ጉዳይ አይደለም። በዓለም አለ የተባለ ፓምፕ ቢመጣ፣ ከላይ ተተክሎ በመምጠጥ ብቻ ያንን ውሃ አያወጣውም።

ፓምፕ ውሃ ስቦ አያመጣምና። ፓምፑ የሚችለው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ገጽ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። የዚህ አየር አቅም ደግሞ ልክ አለው። በባሕር ጠረፍ ላይ ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን 7 ሜትር ከ80 ገደማ ብቻ ነው። ይህም ቱቦው ፍጹም ባዶ ሆኖ ምንም ነገር በመንገድ ካልባከነ ነው፤ በተግባር ስድስት ሜትር ላይ ሲደረስ ችግሩ ይጀምራል። ለዘጠኝ ሜትር ውሃ መፍትሔው ፓምፑን ራሱን ውሃው ውስጥ አጥልቆ ከታች ወደ ላይ እንዲገፋ ማድረግ ነው። በ10 ሜትር ከ30 እና በ7 ሜትር ከ80 መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራና፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን ጉድጓድ ቆፋሪዎችና ፓምፕ ሠሪዎች ይህንኑ ያውቁ ነበር፤ ውሃ ከአሥር ሜትር አካባቢ በላይ አልመጠጥ ይላቸዋል። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ጉዳዩን አንስቶታል። እርሱ የመሰለው የውሃው ዓምድ ሲረዝም በራሱ ክብደት የሚበጠስ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቶሪቼሊ ግን ነገሩን ገለበጠው። ከላይ የሚስብ ነገር የለም፤ ከውጭ የሚገፋ ነገር ነው ያለው አለ። በ1644 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሰዎች የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ሰጥመን መሆኑን ገለጸ። ማስረጃውም አንድ ጫፉ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ ነው። ቱቦውን በሜርኩሪ ሞልቶ፣ ሜርኩሪ በያዘ ሳህን ላይ ሲደፋው ሜርኩሪው ሁሉ አልፈሰሰም፤ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ቆመ። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ፣ 76 ሳንቲ ሜትሩ ከአሥር ሜትሩ ውሃ ጋር በክብደት እኩል ነው። ሒሳቡ ገጠመ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ግን በፈረንሳይ የተደረገውን ሙከራ ነው። ፓስካል እንዲህ አሰበ፦ አየር ክብደት ካለው ተራራ ላይ የወጣ ሰው ከበላዩ ያለው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ሜርኩሪው ዝቅ ማለት አለበት። እህቱን ያገባው ፍሎረን ፔሪዬ መስከረም 19 ቀን 1648 ፒዩይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ቱቦውን ይዞ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ። ፔሪዬ ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ ከታች ባለው ከተማ ገዳም ውስጥ ተክሎ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት አደራ ብሎ ሄደ። ሲመለስ ጠየቃቸው፤ የታችኛው ሜርኩሪ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያ መነኩሴ ባይኖሩ ኖሮ፣ ሜርኩሪው የወረደው ተራራ ስለተወጣ ነው ወይስ በዚያ ቀን የሁሉም ቦታ አየር ስለተለወጠ? ብሎ የሚከራከር ሰው መልስ አያገኝም ነበር። የአየር ግፊት በሁለት መንገድ እንደሚለዋወጥ፣ ማለትም በቦታ ከፍታና በጊዜ፣ በዚያች ጥንቃቄ ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ልሂድ።

በመጀመሪያ ክብደቱን እንረዳ። በባሕር ጠረፍ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል አየር ተጭኗል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ አሥር ቶን ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ጠረጴዛው የማይሰበረው አየሩ ከሥርም ከጎንም እኩል ስለሚገፋው ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን ግፊት በሄክቶፓስካል ይለኩታል፤ ቀድሞ ሚሊባር ይሉት የነበረው ያው ነው። በባሕር ወለል ላይ አማካዩ 1013 ከሩብ ነው።

የጭድ ክምርን አስቡ። የላይኛው ጭድ የላላ ነው፣ የታችኛው በላዩ ባለው ሸክም ተጠቅጥቋል። አየርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ስንወጣ ግፊቱ በእኩል እርምጃ አይቀንስም። ባሕር ጠረፍ ላይ ስምንት ሜትር ያህል ሲወጡ አንድ ሄክቶፓስካል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ለመቀነስ አሥራ አንድ ሜትር፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደግሞ አሥራ አራት ሜትር ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። ከምድር አየር ግማሹ ከአምስት ኪሎ ሜትር ተኩል በታች ነው ያለው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 1010 አካባቢ የሚያሳይ ባሮሜትር በባቡር ቢጫን፣ ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ 880፣ አዲስ አበባ ሲገባ 770 ገደማ ያሳያል። ራስ ዳሸን ላይ ቢወጣ 580 አካባቢ ይሆናል። ዳሎል ላይ ቢወርድ ግን፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከወደቡም የበለጠ ያነባል። በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ርቀት ማግኘት ብርቅ ነው። ለአየር ግፊት ትምህርት ኢትዮጵያን የመሰለ ቤተ ሙከራ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይሁን እንጂ ልጆቻችን የሚሸመድዱት 1013ን ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ይጽፋሉ፣ ይታረምላቸዋል፣ ትክክል ይባላል። እቤታቸው ሲገቡ እናታቸው የጣደችው ውሃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይንተከተካል። ውሃ ፈላ የሚባለው እንፋሎቱ የሚገፋበት ኃይል ከላይ የተጫነውን አየር ሲስተካከል ነው፤ የተጫነው ካነሰ ቶሎ ይስተካከለዋል፣ ቶሎም ይፈላል። ቶሎ ፈላ ማለት ግን ቶሎ አበሰለ ማለት አይደለም። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢያነዱበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ ማገዶው የሚያልቀው ውሃውን እንፋሎት ለማድረግ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ ወይም ሽምብራ የሚቀቅል ሰው ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው የበለጠ ጊዜና ማገዶ የሚያጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት የሚሠራው ሌላ ሥራ የለም፤ ከፍታው የወሰደብንን ግፊት ድስቱ ውስጥ ይመልስልናል። ማገዶ በሚወደድበት ደጋ አገር ይህ ዕቃ የቅንጦት መስሎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ተገልብጦም ያገለግላል። ውሃ በስንት ዲግሪ እንደፈላ የለካ ሰው የቆመበትን ከፍታ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ለዓመታት እየዞረ ተራራና ሸለቆውን የለካው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። ረጅሙን የሜርኩሪ ቱቦ በበቅሎ ጭኖ በገደል አፋፍ ከማለፍ ቴርሞሜትርና ትንሽ ማሰሮ መያዝ ይቀላል።

ወደ ጎጃም በመኪና የሄዳችሁ ሁሉ ግፊት በከፍታ መለዋወጡን በራሳችሁ አካል ታውቁታላችሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ ውሃ ገዝታችሁ ጠጥታችሁ የፕላስቲክ ጠርሙሱን አጥብቃችሁ ክደኑት። መኪናው ጠመዝማዛውን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ጠርሙሱን እዩት። ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል፤ የጨበጠው ሰው የለም። ውስጡ ያለው የጎሐ ጽዮን አየር ነው፣ ውጭውን የከበበው ደግሞ የበረሃው ከባድ አየር። ክዳኑን ፈታ ስታደርጉት እስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ይገባና ጠርሙሱ ይነፋል። ከዚያ መልሳችሁ ከድናችሁ ወደ ደጀን ብትወጡ ጠርሙሱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። አንድ የፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ማሳያ በምን ገንዘብ ይገዛል?

አውሮፕላንም ልጨምር፤ ይህኛው ብዙ ሰው ሲሰማው የማያምነው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በመሣሪያ ታምቆ የሚገባ ነው፤ የባሕር ጠረፍን ያህል አይደለም፣ ቀለል ይላል። በቦይንግ 787 ውስጥ ግፊቱ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ አውሮፕላኑ በሰማይ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ቢበርም። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ተነስቶ ደመና ጥሶ የወጣ መንገደኛ የሚተነፍሰው አየር አዲስ አበባ ውስጥ ከተወው አየር የወፈረ ነው። በአካል ወደ ላይ ወጣ፣ በአየር ግፊት ግን ወደ ታች ወረደ። ለእኛ ከተማ ሰው አውሮፕላኑ የወይና ደጋ አየር ነው።

ከመተንፈስ ጋር አንድ የተለመደ አነጋገር ላርም። ደጋ ላይ ኦክስጅን ያንሳል ይባላል። ድርሻው አያንስም፤ ጅቡቲም ራስ ዳሸንም አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 ከመቶ ነው። የሚያንሰው ወደ ሳንባችን የሚገፋው ኃይል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ስስ ነውና። በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ይህን ለዓለም በግልጽ አሳየ። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ እምብዛም አትለይም። ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በፊት አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር፤ ቶኪዮ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። ስምንቱ ደቂቃ ልዩነት የከፍታ ብቻ ነው አልልም፣ መንገዱም የቀኑ ጠባይም ይለያያል። ግን በዚያ ኦሊምፒክ ከረጅም ርቀት ሯጮች አብዛኞቹ ሲዝሉ፣ በቀጭን አየር ያደጉት የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ከፊት ነበሩ። የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎችን በ3,530 ሜትር ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የእነዚህ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር የተቀራረበ መሆኑን ዘግበዋል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር ነው ከፍታውን የሚቋቋሙት፤ የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ለምደውታል።

እንግዲህ መነኩሴው ወደ ጠበቁት ቱቦ እንመለስ። ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ግፊቱ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሞቃት አየር ስለሚቀል ነው የሚል ነው። መልሱ ግማሽ ነው፣ ሌላውን ግማሽ መጻሕፍት ይዘሉታል። አንድን የአየር ዓምድ ከታች እስከ ላይ ብታሞቁት ያብጣል፣ ይረዝማል፤ ግን ከውስጡ አንድም ነገር ካልወጣ ክብደቱ ያው ነው፣ መሬቱ ላይ ያለው ግፊትም ያው ነው። ለውጡ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ያበጠው ዓምድ ጫፉ ከጎረቤቱ ከፍ ስላለ፣ ከላይ በኩል አየር ወደ ጎረቤት ይፈስሳል። ያን ጊዜ ዓምዱ ክብደት ያጣል፤ ከሥሩ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። ያንን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ ከታች በኩል ከባድ ካለበት ወደ ቀላል ወዳለበት አየር ይነፍሳል። ነፋስ የምንለው እርሱ ነው። እርጥበትም ያግዛል፤ ብዙዎች እርጥብ አየር የሚከብድ ይመስላቸዋል፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የውሃ ተን ሞለኪውል ከናይትሮጅንም ከኦክስጅንም ይቀላል።

ነፋሱ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ልዩነቱ በቶሎ በተሞላ ነበር። ምድር ስለምትሽከረከር ግን በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኙ፣ በደቡብ ወደ ግራው ይታጠፋል፤ ዝቅተኛውን ግፊት ሳይሞላ ዙሪያውን ይዞራል። ይህ ጥምዘዛ ወደ ዋልታዎቹ በረታ፣ ወደ ምድር ወገብ ሳሳ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ሰማይ ልዩነት ሲፈጠር ቶሎ ይሞላል፤ አውሮፓ ላይ ግን ለቀናት ይቆያል። ለንደን ላይ ባሮሜትር በጥቂት ቀናት ውስጥ 30 ሄክቶፓስካል ሊወርድ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እንዲያ ያለ መውረድ በሞቃት አገሮች የሚታየው በከባድ አውሎ ነፋስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጥቅምት 1979 በፓስፊክ ውቅያኖስ ቲፕ በተባለው አውሎ ነፋስ 870 ሄክቶፓስካል ተለክቷል፣ በባሕር ወለል ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ነው።

በአንዳንድ የድሮ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የአውሮፓ ባሮሜትር አይታችሁት ይሆናል። ክቡ መስታወት ሥር በመርፌው ዙሪያ ዝናብ፣ ተለዋዋጭ፣ ብራ ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አየሩ የተመጠጠ የብረት ቆርቆሮ አለ፤ የውጭው ግፊት ሲበረታ ይጨፈለቃል፣ ሲላላ ይነሳል፣ መርፌውንም ያዞራል። ለእንግሊዝ አገር ጥሩ ዕቃ ነው። እዚህ ሲሰቀል ግን መርፌው ከዝናብም አልፎ፣ ጽሑፍ ከሌለበት ቦታ ሄዶ ይቆማል፤ 770ን የሚያህል ቁጥር እዚያ አገር በታላቅ ማዕበል እንኳ አይታይም። ለከፍታው ቢስተካከልም የነገውን ዝናብ አይናገርም፤ የእኛ ዝናብ በዚያ መንገድ አይመጣም።

የእኛ ባሮሜትር ሌላ ነገር ይናገራል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። በሰዓታችን አቆጣጠር 4 እና 10፣ 4 እና 10 ነው። ልዩነቱ ሦስት ሄክቶፓስካል ቢሆን ነው፣ ነገር ግን ሳያሰልስ ይመጣል። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ደቡብ አሜሪካ ሲዞር ይህን አስተውሎ፣ በሞቃት አገር ባሮሜትር እንደ ሰዓት ሊያገለግል ይችላል ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ ፀሐይ ከላይ ያለውን ኦዞንና በአየሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ስታሞቅ መላው ከባቢ አየር እንደ ባሕር ሞገድ መናወጡ ነው። ዛሬ ብዙ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ ትንሽ ባሮሜትር አለ። ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት በ4 እና በ10 ሰዓት ቢመዘግቡ ሞገዱን በራሳቸው እጅ ይስሉታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸዋል። የስልኩ መለኪያ 771 ሲል፣ የአየር ጠባይ የሚነግረው መተግበሪያ ደግሞ ለዚያው ከተማ 1018 ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። ባለሙያዎች የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ከተሞች በአንድ ካርታ ላይ ለማወዳደር ሁሉንም በሒሳብ ወደ ባሕር ወለል ያወርዷቸዋል። ለአዲስ አበባ ሲሆን ይህ ማለት ከእግራችን ሥር ያለውን ዐለት አንስቶ 2,300 ሜትር ቁመት ያለው፣ የሌለ አየር መተካት ነው። የዚያ አየር ሙቀት ስንት ይሆን ነበር ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ ሲሳት ቁጥሩም ይስታል። ሌላው ዓለም በየቀኑ የሚመለከተው የ850 ሄክቶፓስካል ካርታ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ፣ በእኛ ደጋ ከመሬት በታች ይውላል። ስለዚህ የእኛ ትንበያ ሰዎች 700ን፣ ማለትም ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ያለውን አየር አጥብቀው ያያሉ። ከሌላ አገር የተቀዳ ዘዴ እዚህ እንዳለ አይሠራም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ክረምታችን ልምጣ። ከላይ እንዳልኩት ነፋስን የሚያንቀሳቅሰው ልዩነት ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሰሐራ፣ ዓረቢያና የሕንድ ሰሜን ምዕራብ ይግላሉ፣ ዝቅተኛ ግፊት ይሆናሉ። በዚያው ጊዜ ደቡቡ ንፍቀ ክበብ ቆፈን ውስጥ ነው። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሞሪሸስ አካባቢ፣ የማስካሪን ከፍተኛ ግፊት የሚባለው ይበረታል፤ በአትላንቲክ ደግሞ የቅድስት ሄሌናው። ከሁለቱም የተነሳው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ቀኙ ይታጠፋል። የሕንድ ውቅያኖሱ በኬንያና በሶማሊያ ጠረፍ በኩል እንደ ወንዝ ተጠብቦ ይወረወራል፤ አብዛኛውን ዝናብ የሚያደርሰው ለሕንድ ነው። የአትላንቲኩ በጊኒ ባሕረ ሰላጤና በኮንጎ ደን ላይ ርሶ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይገባልናል፣ ተራሮቻችንን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ከላይ ደግሞ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከቲቤት በኩል የሚነሳ ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ የወጣውን አየር ጠራርጎ ይወስዳል። ይህ የላይኛው ሲደክም ከታች የገባው መውጫ ያጣል፣ ዝናቡም ይላላል።

በጋ ሲመጣ ሚዛኑ ይገለበጣል። ሳይቤሪያ በብርድ ትከብዳለች፤ በታኅሣሥ 1968 መጨረሻ አጋታ በተባለ የሳይቤሪያ ቦታ ከ1083 ሄክቶፓስካል በላይ ተመዝግቧል። ከእስያና ከዓረቢያ የሚመጣው ደረቅ አየር ሰማዩን ያጠራዋል፤ የጠራው ሰማይ ሌሊት ሙቀቱን ይለቅቅና የደጋው ገበሬ ጠዋት ሲነሳ ውርጭ እህሉን መትቶት ያገኘዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጊልበርት ዎከርን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ሰውየው የሒሳብ ሰው ነበር፤ ከ1904 እስከ 1924 የሕንድን የሜትሮሎጂ ሥራ መራ። የተሰጠው ሥራ ከባድ ነበር፦ ሞንሱኑ፣ ማለትም የሕንድ የክረምት ዝናብ፣ መቼ እንደሚከዳ አስቀድሞ ማወቅ፤ በ1899 ሞንሱኑ ከድቶ ሕዝብ አልቆ ነበርና። ከዓለም ዙሪያ የግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ አሰባስቦ ያለ ኮምፒዩተር ሲያመሳክር አንድ ነገር ወጣ። በፓስፊክ መካከል ታሂቲ አካባቢ ግፊቱ ሲወርድ፣ በሰሜን አውስትራሊያ ዳርዊን ይወጣል፤ ታሂቲ ሲወጣ ዳርዊን ይወርዳል። የደቡብ ውዥዋዤ ብሎ ስም አወጣለት። ካመሳከራቸው መዝገቦች አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ የሚወርድ ስለሆነ፣ የጎጃምና የወሎ ክረምት በዎከር ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። በ1969 የሜትሮሎጂ ባለሙያው ጄኮብ ብየርክነስ ይህ ውዥዋዤና በፓስፊክ ውሃ መሞቅ የሚታወቀው ኤልኒኖ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ መሆናቸውን አስረዳ።

ኤልኒኖ ሲሆን ዳርዊን ላይ ግፊቱ ይጨምራል፣ የፓስፊክ ነፋስ ይደክማል፣ የሕንድ ውቅያኖስና የአፍሪካ የአየር ዝውውርም አብሮ ይዛባል። ለሰሜንና ለመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የቀነሰ ክረምት ነው፤ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቁ ቆላ ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል የበዛ ዝናብ ሊያመጣ ይችላል። ኤልኒኖ ሁሉ ድርቅ ነው ማለት አይደለም፤ የሕንድ ውቅያኖስ ሁኔታ ያከብደዋል ወይም ያቀልለዋል። በ1972 እና 73 ግን ኤልኒኖ ነበር፤ የወሎ ሕዝብ ያለቀበት ዘመን ነው። በ2015፣ በእኛ በ2007 ዓ.ም ክረምት፣ ከሚታወቁት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ መጣ። በልጉ አስቀድሞ ከድቶ ነበር፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፣ ተቆራረጠ። በአፋር፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በሐረርጌ፣ በምሥራቅ አማራና በምሥራቅ ትግራይ ከብት አለቀ፤ በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። በድርቅ የሚያልቀው ሕዝብ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ እንደነበረው እንዳይሆን ከረዱት ነገሮች አንዱ ምልክቱ ከወራት በፊት መታየቱ ነው፤ ሙቀቱና ግፊቱ ፓስፊክ ላይ ተለክቶ ነበር።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ግንቦት ላይ ሲያወጣ የፓስፊክን ሙቀት፣ የማስካሪንና የቅድስት ሄሌናን ግፊት፣ ከላይ ያለውን የምሥራቅ ነፋስ አይቶ፣ ያለፉትን ተመሳሳይ ዓመታት አመሳክሮ ነው። ትንበያው ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይናገራል። ሬዲዮ ላይ ሲነበብ ደረቅ ይመስላል። ለሐረርጌ ወይም ለራያ ገበሬ ግን ውሳኔ ነው፦ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ ወራት የሚፈጀውን ማሽላ አምኖ ይቀጥል፣ ወይስ መሬቱን ገልብጦ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም በኋላ ሽምብራ ይዝራበት። ዘሩ በጎተራው አንድ ጊዜ ነው ያለው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ትንበያውን ይዛ ሲጠይቋት፣ መቶኛው ከየት እንደመጣ ማስረዳት ከቻለች ገበሬው ከእሷ ጋር ተማክሮ ይወስናል፤ ካልቻለች በሰማዩ ብቻ ይወስናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ የግብርና ኮሌጅ መምህራን ትንበያው የሚያያቸውን አራት አምስት ቦታዎች በካርታ ላይ አድርገው በመጀመሪያው ዓመት ቢያስተምሯቸው፣ ያ ሰዓት ሲመጣ መልስ ይኖራታል።